ሞተር ሲጠፋ እጅ ይሳሳታል

እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 2015 የ«ኢንዲያና ጆንስ» ፊልሞች ተዋናይ ሃሪሰን ፎርድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በተሠራች ራያን ፒቲ-22 የማሠልጠኛ አውሮፕላን ከካሊፎርኒያው ሳንታ ሞኒካ አየር ማረፊያ ተነሣ። ብዙም ከፍ ሳይል ሞተሩ ጠፋበት።

ሞተር ሲጠፋ አውሮፕላን እንደ ድንጋይ ቁልቁል ይወርዳል የሚለው ግምት ልክ አይደለም። አውሮፕላንን አየር ላይ የሚያቆየው በክንፉ ላይ የሚያልፈው አየር ነው፤ የሞተሩ ድርሻ ለዚያ የሚሆነውን ፍጥነት መስጠት ነው። ሞተሩ ከቀረ ፍጥነቱ ከከፍታ ይከፈላል፦ አፍንጫን ዝቅ አድርጎ መንሸራተት። ሴስና 172 አውሮፕላን በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነቷን ከጠበቀች፣ ነፋስ በሌለበት በ100 ሜትር ከፍታ 900 ሜትር ያህል ወደፊት ትሄዳለች። ጣጣው እጅ ላይ ነው። መሬት ሲቀርብ ሰው ሳያስበው መሪውን ወደ ራሱ ይስባል። አፍንጫው ይነሣል፣ ፍጥነቱ ይሞታል፣ ክንፉ አየሩን ይለቃል። ያኔ በእርግጥም ድንጋይ ነው።

የባሰው ግን የመመለስ ጉጉት ነው። አሁን የለቀቁት መንደርደሪያ ከጀርባ ተዘርግቷል። ወደዚያ መዞር ከፍታ ይበላል፤ በ45 ዲግሪ አዘንብሎ ሲዞርም ክንፉ በቀጥታ ሲበር ከሚሸከመው 40 በመቶ ገደማ ይጨመርበታል፣ አየሩን የሚለቅበት ፍጥነትም ወደ 19 በመቶ ከፍ ይላል። ፎርድም መጀመሪያ ወደ መንደርደሪያው ዞሮ ነበር። እንደማይደርስ ሲያይ ግን አቅራቢያው ወዳለ የጎልፍ ሜዳ አቀና፤ የዛፍ ጫፍ መትቶ ሜዳው ላይ ወደቀ። ክፉኛ ቢጎዳም ተረፈ። ከፊልሞቹ ሁሉ ይልቅ እኔ የማደንቅለት ይህን ውሳኔ ነው።

መርማሪዎች ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን የሞተሩን ክፍል፣ ካርቡሬተሩን፣ ሲፈቱ ቤንዚን የምትመጥነው ትንሽ ክፍል ከቦታዋ ላልታ ወጥታ አገኟት። ሞተሩ የታፈነው ቤንዚን አጥቶ ሳይሆን በዝቶበት ነው።

ካርቡሬተር ሌላም አመል አለው። ቤንዚን ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ በጠባቡ ጉሮሮ ውስጥ የአየሩ ግፊትም ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት እርጥበት ካለ፣ ውጭው 20 ዲግሪ ሞቆ እያለ ውስጡ በረዶ ይጋገራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ እጀታ ስቦ በጭስ ማውጫው ሙቀት የሞቀ አየር ማስገባት። ታዲያ በረዶው ሲቀልጥ ሞተሩ ውሃውን እየዋጠ ለጊዜው ከቀድሞው ብሶ ይንገጫገጫል። የደነገጠ አብራሪም አባባስኩት ብሎ እጀታውን መልሶ ይገፋዋል።