የቆመ ውሃ፣ ዝገትና የሳንባ ምች

ኮቪድ-19 በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ከታየ በኋላ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉና ሆቴሎች እንግዳ ሲያጡ፣ በቧንቧና በሮቶ ውስጥ የነበረው ውሃም ባለበት ቆመ። የቆመ ውሃ ክሎሪኑ ይጠፋል፤ የብረት ቧንቧንም ያዝጋል። ዝገቱና ዝቃጩ ሌጂዮኔላ ለተባለው ባክቴሪያ መጠለያ ይሆናሉ። ባክቴሪያው ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሞቅ ውሃ ይራባልና እንደ ሐራ ያለ ሞቃት አካባቢ ይስማማዋል።

እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ አንድ ሆቴል የተሰበሰቡ የቀድሞ ወታደሮችን የገደለው ይኸው ተሕዋስ ነው። የሚይዘው ከገላ መታጠቢያ ወይም ከማቀዝቀዣ የሚወጣ ረቂቅ የውሃ ብናኝ ሲተነፈስ እንጂ እንደ ኮቪድ-19 ከሰው ወደ ሰው በመተላለፍ አይደለም። ትኩሳቱ፣ ሳሉና የትንፋሽ ማጠሩ ግን የኮቪድን ይመስላል።

ውሃን እያዘዋወረ የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ ይበልጥ ያሰጋል፤ ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ጨውና ደለል ይከማቻል። ስለዚህ ዳግም ከመነሳቱ በፊት ውሃው ተደፍቶ፣ ዝገቱ ተፍቆ፣ በክሎሪን ሊታከም ይገባል። ክሎሪን ማብዛት አይበጅም፤ እርሱም ብረት ይበላል። መጠኑንና የዝገት መከላከያውን ባለሙያ ይወስን። የቆየ ቧንቧ ሲከፈት ውሃው እንዳይረጭ በዝግታ ይፍሰስ፤ በባልዲ ተቀድቶም ለችግኝ ሊውል ይችላል።