ብርድ ያስተኛል እንጂ አይገድልም

ዛሬ አንድ አዲስ ቃል እንማራለን። ደብተራችሁን ዘርጉና ጻፉ፤ ኢ-ን-ዛ-ይ-ም። ኢንዛይም።

ምን ማለት ነው? ሥጋም ሆነ ጎመን ከብዙ ጥቃቅን ህዋሳት የተሠራ ነው። በየህዋሱ ውስጥ ሥራ የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች አሉ። አንዱ ይሰብራል፣ ሌላው ይገጥማል። ኢንዛይም የምንለው እነዚህን ነው። በሬው ቢታረድ፣ ጎመኑ ቢቀነጠስ፣ እነሱ ወዲያው ሥራ አያቆሙም።

እስቲ አንድ ሙዝ ፍሪዘር ውስጥ አሳድራችሁ አውጡት። ሲቀልጥ ልጣጩ ጠቁሮ፣ ውስጡ ላሽቆ ታገኙታላችሁ። ብርዱ አበላሸው እንላለን። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን ያብጣል፤ 100 ሊትር የነበረው ወደ 109 ሊትር ገደማ ይሆናል። ጠርሙስ ሞልቶ ፍሪዘር ውስጥ የረሳ ሰው ይህን ያውቃል! በሙዙም ውስጥ የበረዶው ስለት የህዋሱን ስስ ሽፋን ይቀደዋል። የሚያጠቁረው ኢንዛይምና የሚጠቁረው ነገር ቀድሞ ለየብቻ፣ በየጓዳቸው ነበሩ። ሽፋኑ ሲቀደድ ይገናኛሉ። በረዶው ቀልጦ አየር ሲያገኙማ ማን ያቆማቸዋል?

ስለዚህ ብርድ ኢንዛይምን ያዘገየዋል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አያጠፋውም። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ እንኳ ቀስ እያለ ይሠራል። ጥሬውን የገባ ጎመን ከወራት በኋላ ቀለሙና ጣዕሙ የሚለወጠው በዚህ ነው። ኢንዛይምን የሚያጠፋው እሳት ነው። እንቁላል ሲቀቀል እንደሚረጋ ሁሉ፣ ኢንዛይምም በሙቀት ቅርጹ ይበላሻል። እናም እናቶች፣ አባወራም ቢሰማ አይጎዳም፣ ጎመኑን አጥባችሁ በሚፈላ ውሃ 3 ደቂቃ ብቻ ንከሩት። ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ አብርዱት፣ አንጠፍጥፉት፣ ከዚያ አስገቡት።

የቅርጫ ሥጋስ? ስስ ስስ አድርጋችሁ በትናንሹ ቋጥሩት። ቶሎ የበረደ ሥጋ በረዶው ደቃቅ ስለሆነ ህዋሱ ብዙ አይቀደድም። ቀስ ብሎ የበረደው ግን ሲቀልጥ ቀይ ውሃ ያፈሳል። ክላረንስ በርድስአይ የተባለ አሜሪካዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1912 ጀምሮ በካናዳ ላብራዶር ሲኖር፣ የአገሬው ሰዎች ዓሣውን ከውሃ እንዳወጡ በብርቱው ብርድ በረዶ ሲያደርጉት አይቶ፣ በኋላ ይህንኑ በፋብሪካ ሠራበት።

መብራት ጠፍቶ ሥጋው ቢቀልጥስ? ጀርሞቹም ብዙዎቹ ተኝተው ነበር እንጂ አልሞቱም። ሞቅ ባለ ቤት ለሰዓታት የዋለውን ሥጋ መልሶ ማስበረድ አያድነውም። ውስጡ ገና በረዶ ካለ ግን ዛሬውኑ አብስሉት።