ያውቁ ኖሯል? የጆሮ ሕመም የመሰለዎት ከመንጋጋዎ ሊሆን ይችላል

ጆሮዎን ሲጠዘጥዝዎት የሕመሙ ምንጭ የመንጋጋ መገጣጠሚያ ወይም የማኘኪያ ጡንቻ ሊሆን ይችላል። መገጣጠሚያው ያለው ከጆሮዎ ቀዳዳ ፊት ለፊት፣ እጅግ ተጠግቶ ነው። ጣትዎን እዚያ አሳርፈው አፍዎን ከፈት ዘጋ ሲያደርጉ እንቅስቃሴው ይሰማዎታል።

• ጥርስዎን ጠበቅ አድርገው ሲነክሱ ከጉንጭ አጥንትዎ በታች ጠጠር ብሎ የሚወጣው ዋናው የማኘኪያ ጡንቻ ነው። በእንቅልፍ ልባቸው ጥርሳቸውን የሚያፋጩ፣ በጭንቀትም ነክሰው የሚውሉ ሰዎች ይህ ጡንቻ ይዝልባቸዋል።

• ጡንቻውን ለማፍታታት ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ፎጣ ለ10 ደቂቃ ያህል ጉንጭዎ ላይ ያድርጉ። ከዚያ የላይና የታች ጥርስዎን አላቀው፣ በጣትዎ ጫፍ በዝግታ እያዞሩ ይሹት። ካመመዎት ጫናውን ይቀንሱ። ሕመሙ እስኪበርድልዎ ቆሎና ማስቲካ ይተዉ።

• መንጋጋ በሚያርፍበት ጊዜ ከንፈር ይገጥማል እንጂ ጥርስ ከጥርስ አይነካካም።

አፍዎ አልከፈት ወይም አልዘጋ ካለ፣ ፊትዎ ካበጠ ወይም ትኩሳት ካለዎት ማሸቱን ትተው ሐኪም ያማክሩ።