የጨዋታ መቆጣጠሪያ በሬዲዮ ስቱዲዮ ውስጥ፦ በርካሽ ጆይስቲክ የኮንታክት ምልክት ስለ መቀበል



ጆይስቲክን አብዛኞቻችን የምናውቀው በከተማው የፕሌይስቴሽን ቤቶች በልጆች እጅ ነው። ዛሬ የምናየው ግን ይኸው ዕቃ ለሬዲዮ ጣቢያ ኮምፒውተር እንዴት ጆሮ ሊሆን እንደሚችል ነው። በቅድሚያ ችግሩን ላስረዳ።

እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ከተማ የሚገኝ አንድ የአካባቢ ጣቢያ በዓይነ ኅሊናችን እንሳል። ጣቢያው የራሱን ዝግጅት ሲያስተላልፍ ቆይቶ በ7 ሰዓት ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ዜና ይቀበላል፤ ዜናው ሲያበቃ የአካባቢውን ማስታወቂያ ያሰማና ወደ ራሱ ዝግጅት ይመለሳል። ነገር ግን ዜና በደቂቃ ተለክቶ አይቆረጥም፤ አንድ ቀን 14 ደቂቃ፣ ሌላ ቀን 17 ደቂቃ ይወስዳል። የጣቢያው ኮምፒውተር በሰዓት ብቻ ከተመራ ወይ የዜና አንባቢውን ቃል ከአፉ ይነጥቃል፣ ወይ አድማጩን በዝምታ ያስጠብቃል። ከገጠር ወረዳ ድረስ መጥቶ የሐዘን ማስታወቂያ የከፈለ ቤተሰብ ማስታወቂያው ከግማሽ ቢጀምር ለምን እንደሆነ የሚያስረዳው ሰው አያገኝም፤ ቀብሩ ግን አይጠብቅም።

ለዚህ ችግር የሬዲዮ ሙያ ጥንታዊና ቀላል መፍትሔ አለው። ላኪው ጣቢያ ዜናውን እንደጨረሰ ምልክት ይሰድዳል፤ በተቀባዩ መሣሪያ ጀርባ ያለች ትንሽ ሪሌይም ሁለት ሽቦዎችን ለአፍታ ታገናኛለች። ይህ «ኮንታክት መዝጋት» ይባላል። በሽቦዎቹ ውስጥ ድምፅ የለም፣ ጽሑፍም የለም፤ የሚነገረው «ተገናኝቷል» ወይም «አልተገናኘም» ብቻ ነው። ዝምታ ጠቋሚ መሣሪያም፣ የሚክሰር ማንሸራተቻም የሚናገሩት በዚሁ ቋንቋ ነው። ጥያቄው ኮምፒውተሩ እንዴት ይሰማዋል የሚለው ነው። ለዚህ ተብለው የተሠሩ የኢንዱስትሪ ካርዶች አሉ፤ ሆኖም ዋጋቸው በውጭ ምንዛሪ የሚታሰብ፣ ሲበላሹም ምትክ የሚጠፋላቸው ናቸው። በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 ከሕዝብና ከንግድ ጣቢያዎች ጎን ለጎን ዕውቅና የተሰጣቸው የማኅበረሰብ ጣቢያዎች ደግሞ በጀታቸው ጠባብ ነው።

እዚህ ላይ ነው ጆይስቲክ የሚገባው። የጆይስቲክ አዝራር ራሱ ኮንታክት ነውና። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የአይቢኤም የግል ኮምፒውተር የጨዋታ መሰኪያ ካርድ ነበረው፤ በኋላም ይኸው ባለ 15 እግር መሰኪያ በድምፅ ካርዶች ላይ ተለመደ። አራት የአዝራር መግቢያዎች ነበሩት፤ አንዱን መግቢያ ከመሬት ሽቦው ጋር ማገናኘት አዝራር እንደ መጫን ይቆጠር ነበር። ዛሬ ቦታውን ዩኤስቢ ወስዷል። በገበያ የሚገኝ ርካሽ ጆይስቲክ 10 ወይም 12 አዝራር ይኖረዋል፤ ሊኑክስም ሆነ ዊንዶውስ ያለ ተጨማሪ ሶፍትዌር ያውቀዋል።

«ለምን የኪቦርድ ቁልፍ አንጠቀምም?» የሚል ይኖራል። ኪቦርድ የሚልከው ፊደል ነው፤ ፊደሉም የሚሄደው በዚያች ቅጽበት በስክሪኑ ላይ ፊት ወዳለው መስኮት ነው። ጋዜጠኛው ደብዳቤ እየጻፈ ሳለ ምልክቱ ቢመጣ ደብዳቤው መካከል አንድ ፊደል ይጨመራል እንጂ ማስታወቂያው አይጀምርም። ከዚህም በላይ ተጭኖ የቆየ ቁልፍ ራሱን ይደጋግማል። ጆይስቲክ ግን «ተጫነ»፣ «ተለቀቀ» ብሎ ብቻ ያሳውቃል፤ የሚሰማውም እንዲያዳምጥ የታዘዘው ፕሮግራም ነው። በእኔ ግምት ጆይስቲክ ከኪቦርድ የሚመረጥበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው፤ ዋጋውማ ተቀራራቢ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ጆይስቲኩ ሲከፈት ከላስቲክ አዝራሮቹ ሥር የተጠላለፉ የመዳብ ወይም የካርቦን መስመሮች ያሉበት ሰሌዳ ይታያል። በእያንዳንዱ አዝራር ቦታ በሁለቱ መስመሮች ላይ ቀጭን ሽቦ ይበየዳል። ካርቦን ብየዳ ስለማይቀበል ወደ ኋላ ተጉዞ መዳቡን መፈለግ ያስፈልጋል። በአንዳንድ ሰሌዳ የአዝራሮቹ ሁሉ አንድ ጎን ከመሬት ሽቦው ጋር የተያያዘ ነው፤ በሌላው ደግሞ አዝራሮቹ በረድፍና በዓምድ የተደራጁ ናቸውና የጋራ መሬት የላቸውም። በሁለተኛው ዓይነት የሁሉንም አንድ ጎን በአንድ ሽቦ ማያያዝ አዝራሮቹን እርስ በርስ ያደበላልቃል። ስለዚህ ብየዳው ሳይጀመር በቴስተር መለካት ግዴታ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ መነጠል ነው። የጎጃም ደጋ ክረምት መብረቁ ምን እንደሚመስል ለዚህ ጉባኤ መናገር አያሻኝም። የማሰራጫ ማማ በኮረብታ ላይ ይቆማል፤ ከእርሱ ወደ ስቱዲዮ የሚመጣ ረጅም ሽቦ በአቅራቢያ መብረቅ ሲወድቅ ድንገተኛ ቮልቴጅ ይሸከማል። ያ ሽቦ በቀጥታ ከጆይስቲኩ፣ ጆይስቲኩም ከኮምፒውተሩ ጋር ከተያያዘ፣ ርካሹ ዕቃ ውዱን ይዞ ይጠፋል። መፍትሔው በመካከላቸው ትንሽ ባለ 12 ቮልት ሪሌይ ማስገባት ነው፦ የውጪው ኮንታክት የሪሌይዋን ጥቅል ያበራል፣ የሪሌይዋ ንጹሕ ኮንታክት ደግሞ የጆይስቲኩን አዝራር ይዘጋል። በጥቅሉ ላይ እንደ 1ኤን4007 ያለ ዳዮድ በተገላቢጦሽ ይታሰርበታል፤ ጥቅሉ ሲጠፋ የሚወረውረውን ቮልቴጅ እንዲውጥ። እንደ ፒሲ817 ያለ በብርሃን የሚያገናኝ ቺፕም ይሠራል፤ ነገር ግን ፖላሪቲ ስላለው በረድፍና በዓምድ በተደራጀ ሰሌዳ ላይ አቅጣጫውን ማጣራት ይጠይቃል። ለጀማሪ ሪሌይ ይሻላል።

አንድ ነገር ላስምርበት። ለሪሌይዋ የሚሆነውን ኃይል ከዩኤስቢው 5 ቮልት መውሰድ ቀላል ይመስላል፤ እንዲህ ያደረገ ሰው ግን የውጪውን ሽቦ መልሶ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘው ማለት ነው። የተለየ የ12 ቮልት አዳፕተር ያስፈልጋል። ይህም ሆኖ በቀጥታ የሚወርድን መብረቅ ሪሌይ አያቆመውም፤ የማማው የመሬት ሽቦ ሥራ በዚህ አይተካም።

የቀረው ሶፍትዌር ነው። በሊኑክስ ላይ እያንዳንዱ የጆይስቲክ ክስተት 8 ባይት ሆኖ ይነበባል፦ ጊዜው፣ ዋጋው፣ ዓይነቱና የአዝራሩ ቁጥር። ጥቂት መስመር ያለው ፕሮግራም ይህን አንብቦ ለስርጭት ሶፍትዌሩ ትእዛዝ ያስተላልፋል፤ ለምሳሌ ሪቬንዴል የተባለው ነፃ ሶፍትዌር በኔትወርክ በ5859 ወደብ ትእዛዝ ይቀበላል።

ሪሌይ ሲዘጋ ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ ምልክቱ ለ30 ሚሊ ሰከንድ ያህል ጸንቶ ካልቆየ አለመቀበል፣ ከተቀበሉም በኋላ ለተወሰኑ ሰከንዶች ድጋሚውን መተው ይገባል። ኮምፒውተሩ ርካሽ ጆይስቲክን የሚጠይቀው በየ10 ሚሊ ሰከንድ ገደማ በመሆኑ ከዚያ ያጠረ ምልክት ጨርሶ ላይታይ ይችላል።

መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚፈጠረው ስህተት ግን ከዚህ የረቀቀ ነው። የሊኑክስ ጆይስቲክ አሽከርካሪ ገና ሲከፈት የሁሉንም አዝራር የወቅቱ ሁኔታ እንደ ክስተት አድርጎ ይልካል። እነዚህ የመነሻ መልእክቶች መሆናቸው በዓይነታቸው ላይ ምልክት ተደርጎባቸዋል፤ ያን ምልክት የማያይ ፕሮግራም በዚያች ቅጽበት አንዱ ኮንታክት ተዘግቶ ከተገኘ ማንም ሳያዝዘው ማስታወቂያ ይጀምራል። ሁለት ጆይስቲክ ያለበት ጣቢያም ከዳግም መነሳት በኋላ አንደኛው ሁለተኛ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል፤ መለየት ያለባቸው በተሰኩበት የዩኤስቢ ቀዳዳ እንጂ በተራ ቁጥራቸው አይደለም። በቀን ብዙ ጊዜ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ እነዚህ ሁለቱ ለነገ የሚባሉ አይደሉም።

ፕሮግራሙ ምልክቱን የሚያምንበት የጊዜ ክልልም ሊኖረው ይገባል። የ7 ሰዓቱ ዜና ማብቂያ ምልክት ከ7፡10 እስከ 7፡20 ባለው ጊዜ ከመጣ ይፈጸም፤ ከዚያ ውጭ ከመጣ ይመዝገብ እንጂ አይፈጸም። እስከ 7፡20 ካልመጣ ደግሞ ኮምፒውተሩ በራሱ ወደ አካባቢው ዝግጅት ይመለስ፤ ምናልባት የተነቀለ ሽቦ ይሆናልና።

ጆይስቲክ ይሰማል እንጂ አይናገርም፤ የስቱዲዮውን ቀይ መብራት ማብራት አይችልም። ከማሰራጫው የሚመጣ የደኅንነት ምልክትንም በእርሱ ላይ መጣል አልመክርም። የማሰራጫው በር ሲከፈት ከፍተኛውን ቮልቴጅ የሚያቋርጠው ስዊች በሽቦ ብቻ፣ ያለ ኮምፒውተር ጣልቃ ገብነት መሥራት አለበት፤ እዚያ የሚዘገይ ምልክት ዋጋው የሰው ሕይወት ነው።

በጠረጴዛው ላይ የተከፈተ ጆይስቲክ፣ አራት ሪሌይና አንድ ቴስተር ተቀምጠዋል። ከእናንተ መካከል ሁለት ተማሪዎች ወደ ፊት ይምጡና ሰሌዳው የጋራ መሬት ያለው መሆን አለመሆኑን ለክተው ይንገሩን፤ ጥያቄዎቻችሁን ከዚያ እቀበላለሁ።