ቀኑ፣ ስሙ፣ ዋሱ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ከሚሴ ትገኛለች፤ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ። እዚያ ያለ ሰው ስልኩ ላይ የአንድ መሥሪያ ቤት ገጽ ሊከፍት ሲል «የእርስዎ ግንኙነት የግል አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ቢመጣበት መጀመሪያ የሚገምተው «ኔትወርኩ ነው» ብሎ ነው። ቀጥሎ «ሳንጠለፍ አንቀርም» ይላል። ብዙውን ጊዜ ሁለቱም አይደሉም። ምስጠራው ራሱ በቀላሉ አይበላሽም። የሚበላሸው ከምስጠራው ጋር የሚጓዘው ወረቀት ነው፤ ይኸውም ቀኑ፣ ስሙ፣ ወይም ዋሱ።

የዚህ ምስጠራ ታሪክ አጭር ነው። ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ በ1995 ኤስኤስኤል የተባለውን የድረ ገጽ ግንኙነት ማመስጠሪያ ሲያወጣ ዋና ሳይንቲስቱ ግብፃዊው ታኼር ኤልገማል ነበር፤ «የኤስኤስኤል አባት» የሚሉትም ለዚህ ነው። በ1999 ስሙ ተቀይሮ ቲኤልኤስ ተባለ። 1.2 የሚባለው እትም በ2008፣ 1.3 ደግሞ በ2018 ወጡ። ኤስኤስኤል ከተሻረ ዓመታት አልፈዋል፤ የሆስቲንግ ሻጮች ግን ዛሬም በሟቹ ስም ይነግዳሉ። «የእኛ» ካላልኩ በስተቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ይህን ለምን እንዳስቀደምኩ ወዲያው ይገባችኋል።

ሰኞ ባቲ ገበያ በሬ ይዞ የመጣን እንግዳ ሰው ገዢው «ዋስ አለህ?» ቢለው ነውር የለውም። ዋሱም የማይታወቅ ከሆነ የዋሱ ዋስ ይጠራል፤ ገዢው የሚያውቀው ሰው እስኪገኝ ድረስ። ሰርተፊኬትም እንዲሁ ነው። ሰርቨሩ ስሙ የተጻፈበትን ወረቀት ያቀርባል፤ ወረቀቱን የፈረመው መካከለኛ ሰጪ ነው፤ ለመካከለኛው ደግሞ ዋናው ሰጪ ፈርሞለታል። ብራውዘሩ ወይም ስልኩ የሚያውቃቸው የዋናዎቹ ስም ዝርዝር ገና ከፋብሪካ ሲወጣ አብሮት አለ። እንግዲህ ሦስት ነገር ይመረመራል፦ ወረቀቱ ዛሬ ይጸናል? ስሙ የጠራሁት ስም ነው? የዋሶቹ ሰንሰለት እኔ ከማውቀው ሰው ይደርሳል?

ቀኑ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በውጭ አገር መማሪያ መጻሕፍት የማይገኝ ብልሽት የምናገኘው እዚህ ነውና። ብራውዘሩ የሰርተፊኬቱን ቀን የሚያመሳክረው ከራሱ ኮምፒውተር ሰዓት ጋር ነው። የማዘርቦርድ ባትሪው ያለቀ ዴስክቶፕ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ቀኑን ይረሳል፤ ከዓመታት በፊት ወደነበረ ቀን ይመለሳል። የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ላስተካክል ብላ የግድግዳውን ካላንደር ታይና ዓመቱን 2018 ብላ ትሞላለች። በእኛ አቆጣጠር ልክ ናት። ኮምፒውተሩ ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ ትናንት የተሰጠ ሰርተፊኬት ለእሱ ከሰባት ስምንት ዓመት በኋላ የሚጻፍ ወረቀት ነው። «ገና አልጸናም» ብሎ ይመልሰዋል። ሰርቨሩ ጤነኛ ነው፤ ባለሙያ ጠርቶ እሱን ማስነካካት ተጨማሪ ብልሽት መግዛት ነው። መለያው ቀላል ነው፤ ያው ገጽ ጎን ባለው ስልክ ላይ ከተከፈተ ጥፋቱ የዴስክቶፑ ነው።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ ከቀኑ ይልቅ ስውር ነው። ጠዋት 3 ሰዓትን እንዳለ 3 ብሎ የሞላ ሰው ኮምፒውተሩን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይጎትተዋል። በነፃ ሰርተፊኬት የሚሰጠው ሌትስ ኢንክሪፕት የመነሻ ሰዓቱን አንድ ሰዓት አስቀድሞ ስለሚጽፍ ጥቂት መዛነፍን ይችላል፤ ስድስትን ግን አይችልም። ስለዚህ ሰርተፊኬቱ ዛሬ የታደሰ ገጽ ጠዋት እምቢ ብሎ ማታ ማንም ሳይነካው ይከፈታል። ባለሙያውም ያልሠራበት ምስጋና ያገኛል። ማብቂያውም ዩቲሲ በሚባለው ዓለም አቀፍ መደበኛ ሰዓት ነው የሚጻፈው፤ እኛ ከዚያ በሦስት ሰዓት እንቀድማለን። በ23፡59 ያበቃል የተባለ ሰርተፊኬት እኛ ዘንድ የሚሞተው ከሌሊቱ 8፡59 ላይ ነው፤ ጠዋት ቢሮ የገባ ሰው የሚያገኘው ያደረ ሬሳ ነው።

ስም ላይ ከሚሴ ራሷ ጥሩ ምሳሌ ናት። በላቲን ፊደል አንዱ በአንድ ኤስ ይጽፋታል፣ ሌላው በሁለት፤ አንዱ መጨረሻዋን በ«ኢ» ይዘጋል፣ ሌላው «አይ» እና «ኢ» ያስከትላል። በአፋን ኦሮሞ ቁቤ ደግሞ ከመጀመሪያው ፊደል ቀጥሎ «ኤ» ይመጣል፣ መጨረሻው ድርብ «ኢ» ይሆናል። ለሰው ሁሉም አንድ ከተማ ነው፤ ለብራውዘር ግን እያንዳንዱ ሌላ ሰው ነው። አጻጻፎቹን በሙሉ ዶሜይን አድርጎ ገዝቶ ሰርተፊኬቱ ላይ አንዱን ብቻ ያስመዘገበ፣ በሌሎቹ ለሚመጣው እንግዳ ማስጠንቀቂያ ያሳያል። ከስሙ በፊት ሦስት ደብሊው ያለውና የሌለውም ሁለት ስሞች ናቸው።

በጣም የሚያሳስተው የዋሱ ጉድለት ነው። ሰርቨሩን የጫነው ሰው የራሱን ሰርተፊኬት ብቻ አስገብቶ መካከለኛውን ይረሳል። አንዳንድ ብራውዘር የጎደለውን ራሱ ፈልጎ ያመጣል፣ ወይም ከሌላ ገጽ ያገኘውን አስቀምጦ ስለነበር ይጠቀምበታል፤ ስለዚህ በሠራተኛው ላፕቶፕ ላይ «ይሠራል» ይባላል። ብዙ የሞባይል አፖችና ከርል የሚባለው ፕሮግራም ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቀረበላቸው በላይ አይፈልጉም፤ ግንኙነቱን ይዘጋሉ። «እኔ ጋ ይከፈታል» የሚለው ቃል ምስክርነት የማይሆነው ለዚህ ነው። የድሮ ስልክ ደግሞ የሚያውቃቸው ዋሶች አርጅተውበታል። ሌትስ ኢንክሪፕት ይደገፍበት የነበረው አሮጌ ዋና ሰርተፊኬት በእኛ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ጊዜው አበቃ። ከ7.1.1 በታች የሆነ አንድሮይድ አዲሱን ዋና አያውቀውም፤ በልዩ ዘዴ እስከ 2024 ድረስ ተጎትቶ ቆየ፣ ከዚያ ቀረ። ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ስልክ በሚበዛበት አካባቢ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

የእትም አለመግባባት ይቀራል። ብራውዘሮች በ2020 ቲኤልኤስ 1.0ን እና 1.1ን ትተዋል፤ ያልታደሰ ሰርቨር ከአዲስ ስልክ ጋር፣ ወይም ያረጀ ዊንዶውስ ከአዲስ ሰርቨር ጋር የጋራ ቋንቋ ያጣሉ።

ለመመርመር ሰርቨሩ ካለበት ግቢ ውጭ ሆኖ ማየት ይሻላል። ኦፕን ኤስኤስኤል የሚባለው ነፃ ፕሮግራም «ኤስ ክላየንት» በሚለው ትእዛዙ ሰርቨሩን በፖርት 443 ያናግርና የቀረበለትን ሰንሰለት በሙሉ ያወጣል። መጨረሻ ላይ አንድ ቁጥር ይጽፋል። 0 ደህና ነው። 9 ገና አልጸናም፣ 10 ጊዜው አልፏል፣ 18 ራሱን በራሱ የፈረመ፤ 20 እና 21 ከመጡ ዋስ ጎድሏል። አንድ ጥንቃቄ፦ ይህ ትእዛዝ ካልተነገረው በቀር ስምን አያመሳክርም፤ 0 አይቶ የተደሰተ ሰው ስሙን ለብቻው ይጠይቅ። ብዙ ገጾች በአንድ ሰርቨር ላይ ስለሚኖሩ የሚፈለገውን ስም በትእዛዙ ውስጥ መጥራት ያስፈልጋል፤ አለዚያ የጎረቤት ሰርተፊኬት ይወጣና ሰውን ያደናግራል።

የአገር ውስጥ ሕጉም አለ። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 በእኛ 2010 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የዋና ሰጪነት ሥልጣኑም የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ነው። ይሁንና ለሰነድ ፊርማ የተቋቋመ ዋስና ብራውዘር የሚያውቀው ዋስ ሁለት ጉዳይ ናቸው። ብራውዘር ሠሪዎች ዝርዝራቸው ውስጥ ያላስገቡት ሰጪ በአዋጅ ቢጸናም ማስጠንቀቂያውን አያስቀርም።

አሁን ጊዜው እየጠበበ ነው። የሰርተፊኬት ከፍተኛ ዕድሜ በ2020 ወደ 398 ቀን ወርዶ ነበር፤ ከ2026 ማርች አጋማሽ 200፣ ከ2027 ማርች 100፣ ከ2029 ማርች 47 ቀን እንዲሆን ተወስኗል። የሌትስ ኢንክሪፕት ከመጀመሪያውም 90 ቀን ነው፤ የማስታወሻ ኢሜይል መላኩንም በ2025 ጁን አቁሟል። ስለዚህ በእጅ ማደስ አብቅቶለታል። ሰርትቦት የሚባለው አዳሽ ፕሮግራም በቀን ሁለት ጊዜ ይነሳል፤ 30 ቀን ሲቀር ያድሳል። ይህ የ30 ቀን ትራስ ለመብራት መቆራረጥ ይበቃል። በእኛ 2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበረው ላለ ጊዜ ግን አይበቃም፤ በሲም ካርድ ራውተር ላይ የተንጠለጠለ ሰርቨር መስመሩ ሲመለስ ያለፈበት ወረቀት ይዞ ይነቃል። ገጹን ሌላ ቦታ አስቀምጦ ከከሚሴ ማስተዳደር የሚያዋጣው በዚህ ነው።

መስመሩ ሳይቋረጥም የሚያጋጥም አለ። ሰርትቦት አድሷል፣ ፋይሉ ላይ ያለው ቀን አዲስ ነው፤ ብራውዘሩ ግን «አልፏል» ይላል። አፓቺና ኢንጅንኤክስ የሚባሉት የሰርቨር ፕሮግራሞች ሰርተፊኬቱን የሚያነቡት ሲነሱ ነው፤ አዲሱ ከጎናቸው ተቀምጦ እነሱ አሮጌውን ያሳያሉ። ሪሎድ የሚል አንዲት ትእዛዝ ከማደሻው ጋር ካልታሰረች በየስልሳ ቀኑ ገደማ ያው ስልክ ይደወላል።