የአብራሪ ምስክሩ መዝገቡ ነው

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ስለ ርስትና ስለ ውል ብቻ የተነገረ ይመስለናል። ነገር ግን ይህን ምሳሌ ዕለት ዕለት በሥራው የሚፈጽም ሰው ማን ነው ቢባል፥ አውሮፕላን አብራሪው ነው ብሎ መመለስ ይቻላል። የገበሬ ድካም በአዝመራው ይታያል፤ የግንበኛም ሥራ በቆመው ቤት ይታወቃል። አብራሪ ግን አየሩን ሰንጥቆ ካለፈ በኋላ በሰማይ ላይ የሚቀርለት ፈለግ የለምና፥ ሥራ ሊጠይቅ በሚቀርብበት ቀን አስቀድሞ የሚመሰክርለት የበረራ መዝገቡ ነው።

በዚህ መዝገብ አብራሪው ከመጀመሪያው የትምህርት ቀን አንሥቶ የበረረበትን ቀን፥ የአውሮፕላኑን ዓይነትና መለያ፥ የተነሣበትንና ያረፈበትን ስፍራ፥ የፈጀውንም ጊዜ በየመስመሩ ያሰፍራል። ሰዓቱንም በጅምላ አይቈጥረውም፤ ከአስተማሪ ጋራ የበረረውን፥ ራሱ አዛዥ ሆኖ የበረረውን፥ ረዳት ሆኖ የበረረውን፥ የሌሊቱን፥ እንዲሁም በደመና ውስጥ በመሣሪያ ብቻ እየተመራ የበረረውን እያንዳንዱን በየዓምዱ ይለያል። ሲሙሌተር በሚባለው፥ ከምድር ሳይነሣ በረራን በሚያስመስለው መሣሪያ የተለማመደበት ጊዜ ደግሞ የራሱ ዓምድ አለውና፥ በእውነት ከበረረበት ሰዓት ጋራ አይቀላቀልም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ስለ ምን አስፈለገ የሚል ቢኖር፥ የሥራው በር የሚከፈተው በሰዓት ቊጥር ስለ ሆነ ነው። የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ ለከፍተኛው የአየር መንገድ አብራሪነት ፈቃድ 1500 ሰዓት ይጠይቃል። በአሜሪካ አገር ረዳት አብራሪ ሆኖ ለመቀጠር ቀድሞ በ250 ሰዓት የሚገኘው የንግድ አብራሪነት ፈቃድ ይበቃ ነበር፤ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከ2013 ወዲህ ግን ረዳቱም ጭምር ያንኑ ከፍተኛ ፈቃድ እንዲይዝ ግዴታ ሆነ። ከ1500 ባነሰ ሰዓት የሚፈቀድላቸው በጦር ኃይል የተማሩና በታወቀ ኮሌጅ የአብራሪነትን ትምህርት የፈጸሙ ጥቂቶች ብቻ ናቸው።

እንግዲህ 1400 ሰዓት የበረረ፥ ዕዳ ያለበት፥ ዘመድም ተስፋ የጣለበት ወጣት የቀረችውን መቶ ሰዓት በብዕር ብቻ ለመሙላት መፈተኑ አይቀርም። አውሮፕላን ነጂዎች ይህን ዓይነቱን ሰዓት በቀልድ «የፒ-51 ሰዓት» ይሉታል። ፒ-51 ስመ ጥር የጦር አውሮፕላን ነው፤ ፓርከር 51 ደግሞ የታወቀ ብዕር ነው። ቀልዱም ሰውየው የበረረው በአውሮፕላኑ ሳይሆን በብዕሩ ነው ለማለት ነው።

ሆኖም እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። እያንዳንዱ አውሮፕላን የራሱ መዝገብ አለው፤ የማሠልጠኛው ቤትም እንዲሁ። በአብራሪው ደብተር እንደ በረረ የተጻፈው አውሮፕላን በዚያው ቀን ለጥገና ቆሞ ከተገኘ፥ ምስክሮቹ ተጣሉ ማለት ነው። ቀጣሪዎችም ደብተሩን ከመካከል ገልጠው፥ «እስቲ ይህን በረራ ንገረን» ብለው ይጠይቃሉ። የበረረ ሰው ነፋሱንና ሜዳውን ያስታውሳል፤ ያልበረረ ግን ዝም ይላል። የአሜሪካ ሕግ በመዝገቡ ሐሰት የጻፈ ሰው ፈቃዱ እንዲታገድ ወይም እንዲሰረዝ ይፈቅዳል። ስለዚህ መቶ የሐሰት ሰዓት የጨመረ ሰው 1400ዎቹንም እውነተኛ ሰዓታት አብሮ ለጥፋት አሳልፎ ሰጠ።

ከቅጣቱም የሚከፋ ነገር አለ። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2009 በአሜሪካ በቡፋሎ ከተማ አጠገብ አንድ አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰዎች ሞቱ። ሁለቱም አብራሪዎች ከ1500 የበለጠ ሰዓት ነበራቸው፤ ነገር ግን ዋናው አብራሪ ቀደም ሲል የወደቀባቸውን የበረራ ፈተናዎች በሙሉ ለቀጣሪው አለመግለጡ በምርመራው ታወቀ። በ2019 ደግሞ በቴክሳስ አንድ ዕቃ ጫኝ ቦይንግ 767 ወድቆ 3 ሰዎች ሲሞቱ፥ ረዳት አብራሪው የቀድሞ ድክመቱን ከቀጣሪው ሰውሮ እንደ ነበር መርማሪዎቹ ገለጡ። ከዚህ የምንማረው የሰዓት ብዛት ብቻውን ዋስትና አለመሆኑን ነው። መዝገብ የሚጠቅመው የበረታንበትንም የደከምንበትንም ሳይሸሽግ ሲናገር ነው፤ ድክመቱ የታወቀ ሰው ይታረማልና።

በእኛም አገር በመጋቢት 1 ቀን 2011 ዓመተ ምሕረት ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው አውሮፕላን ወድቆ 157 ሰዎች ባለቁ ጊዜ፥ ዓለም ፈጥኖ ከጠየቃቸው ነገሮች አንዱ የአብራሪዎቹ ሰዓት ነበር። በይፋ የወጣው የምርመራ ወረቀት ለዋናው አብራሪ 8122፥ ለረዳቱ 361 ሰዓት ብሎ ሳይጨምር ሳይቀንስ አሰፈረ። የረዳቱን ሰዓት ማነስ እያነሡ የተቹ አልጠፉም፤ ምርመራው ግን ኤምካስ የተባለው መሣሪያ በተሳሳተ ምልክት ተመርቶ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች እንደ ገፋው አሳየ። ባለቤቱ መናገር በማይችልበት ቀን የሚናገርለት እንዲህ ያለው ጽሑፍ ነው። እውነተኛ ሆኖ የተጻፈ ትንሽ ቊጥር አያሳፍርም።

ስለዚህ በዚህ ሙያ ለመሰማራት የምትሹ ወጣቶች ሆይ፥ የበረራችሁን ነገር በዚያው ዕለት ጻፉ፤ በሳምንቱ የሚጻፍ ግምት እንጂ መዝገብ አይደለም። ስሕተት ብታገኙ አትፋቁት፤ የቀድሞው እንዲነበብ አንድ መስመር ብቻ ሰርዛችሁ ትክክለኛውን ጻፉና ፈርሙበት። የሂሳቡንም ልማድ ዕወቁ፤ 1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ በዐሥርዮሽ 1.5 እንጂ 1.3 አይደለምና፥ ይህን አለማወቅ ብዙ ቅን ሰው አሳስቷል። በየገጹ ግርጌ ድምሩን እያረጋገጣችሁ ወደሚቀጥለው አሳልፉ። በኮምፒዩተር የምትጽፉም ብትሆኑ ሌላ ቅጂ በሌላ ስፍራ አኑሩ። በማመልከቻው ላይ የምትሞሉት ቊጥር ከደብተራችሁ ድምር ጋራ አንድ ይሁን፤ ሰዓታችሁ ቢያንስም ያነሰውን ጽፋችሁ በትዕግሥት ጨምሩበት።

አንድ መንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ ሲገባ የአብራሪውን ደብተር ልይ ብሎ አይጠይቅም። ልጁን አቅፎ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ ቀበቶውንም ያስራል፤ አምኖ ነው። እምነቱ በከንቱ እንዳይቀር የሚያደርገው፥ ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ተማሪ ማንም ሳያየው በደብተሩ ላይ የጻፈው እውነት ነው።