ሽፋኑ ይጣራል፣ ስሙስ?

እዚህ አትላንታ አጠገብ፣ ስማይርና፣ ሐበሻ ሱቅ ስገባ ዓይኔ ቶሎ የሚሄደው ወደ መጽሔቶቹ ነው። አንዱ ሽፋን ላይ ሰባት ፎቶ፣ አሥር ርዕስ፣ ከሥሩ ደግሞ የማስታወቂያ ስልክ ቁጥር ተደርድሮበታል። ታዲያ ዓይን የት ይረፍ?

የሙዚቃ መጽሔት የሚስበው በአንድ ጉልህ ፊት ነው። ሮሊንግ ስቶን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1967 ሲጀመር ፊት ገጹ ላይ ዋናውን ቦታ የሰጠው ለጆን ሌነን ፎቶ ነበር።

ፊት ብቻውን ግን አይበቃም፤ ስምም ያስፈልጋል። ካሴትም ቢሆን እንደ መጽሔት ቀድሞ የሚታየው ሽፋኑ ነው። የኃይሉ መርጊያ የ1985 «ሸሞንሟናዬ» ከብዙ ዓመት በኋላ ባሕር ዳር ላይ በአንድ አሜሪካዊ እጅ ገባ። ሰውየው ስሙን ይዞ አፈላለገው፤ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ አገኘው። በ2013 ሥራው እንደገና ታተመ፣ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። ስሙ ባይጻፍ ኖሮስ?

ዛሬ ሽፋን በስልክ ላይ ጥፍር አክሎ ነው የሚታየው። እናም አዘጋጆች ሆይ፣ ሽፋኑ ላይ አንድ ፊትና አንድ ጉልህ ስም ይበቃል። የፎቶ አንሺውና የአጃቢዎቹ ስም ደግሞ ውስጥ ገጽ ላይ ይስፈር። ፊቱ አንባቢን ይጠራል፤ የነሱን ድካም የሚያቆየው ግን ስሙ ነው።